መብራቱ የተፋቀ ዕለት

ሩዋይዳ ቀይ ሽንኩርቱን ልጣ ሳትጨርስ ተወችው። ልብስ ላጥፍ ብላ ገባች፤ ሁለት ቀሚስ አጥፋ እሱንም ተወችው። መጥረጊያ አነሳችና የበሩ ደፍ ላይ እንደ ቆመች ምን ልትጠርግ እንደነበር ጠፋት። ከውጭ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ ከጠዋት ጀምሮ ያላቋረጠ ድምፅ ይመጣል፤ ሽርር፣ ሽርር፣ ሽርር። ባሏ ሙሀሲን የሚነዳትን ሚኒባስ የፊት መብራት በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

ባሏ ማለቱ እንኳ ያጠራጥራል። ፈቷታል።

«ዓመት ሙሉ አስጠርገው ስለው ያልሰማ ሰው፣ ዛሬን ምን አስመረጠው?» አለች ለራሷ። «ከስንት ቀን ዛሬን!»

ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሙሀሲን ከፈታት ወዲህ ዒዳዋን እየጠበቀች ነበር። የአገሩ ሼሆች እንደሚሉት፣ አንድ ጊዜ የተፈታች ሴት የወር አበባዋ ሦስቴ መጥቶ እስኪሄድ ድረስ ከባሏ ቤት አትወጣም። ባልየውም በዚያ ጊዜ ውስጥ ልቡ ከተመለሰ በአንድ ቃል ሊመልሳት ይችላል። ጊዜው ካለቀ ግን አለቀ። ሦስተኛው ደግሞ እያበቃ ነው። ነገ ጠዋት ገላዋን ትታጠባለች፤ ከዚያ በኋላ ሙሀሲን ለሷ እንደ ማንኛውም የመንገድ ሰው ነው። ትናንት ማጀቴ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ለሳልህ ደውላ «ናና ውሰደኝ» ብላዋለች። ማምሻውን ይደርሳል።

ለሙሀሲን አልነገረችውም። እሱም አልጠየቃት። እንዲህ ያለውን ነገር በደጉ ጊዜም አፍ አውጥተው ተነጋግረውበት አያውቁም። ከፈታት ጀምሮ የሚያድረው ሚኒባሷ ውስጥ፣ የኋላው ወንበር ላይ ነው። ጠዋት ቧንቧው ሥር ተለቃልቆ ይወጣል፤ ሲመለስ ቲማቲሙን፣ ዘይቱን፣ የተገኘውን ሁሉ ደጃፉ ላይ ያስቀምጣል። «ውሃ መጥቷል?» ይላል። «መጥቷል» ትላለች። ጨዋታቸው ይኸው ነው። ልጃቸው ሐጂራ ትምህርት ሲዘጋ አያቷ ዘንድ ማጀቴ ሄዳለች፤ ማታ ማታ እየደወለች «አባ መቼ ነው የሚወስደኝ?» ስትል ሩዋይዳ ወሬ ትቀይራለች።

የጠቡም መነሻ ይኸው መብራት ነበር። የሚኒባሷ የፊት መብራቶች በቆላው ፀሐይና በመንገዱ አቧራ ብዛት ቢጫ ሆነው፣ ጭጋግ ለብሰው፣ ሲበሩ መንገዱን ሳይሆን ራሳቸውን ብቻ የሚያሳዩ ሆነው ነበር። ሩዋይዳ አብራው በተጓዘች ቁጥር «አስጠርገው፣ አምፖሉንም ቀይረው» ትላለች። እሱ «ኢንሻ አላህ» ይላል። አንድ ማምሻ ከካራቆሬ ሰው ጭነው ሲመለሱ፣ እሷ ጋቢና ከጎኑ ተቀምጣ፣ አስፋልቱ መሀል የቆሙ ግመሎች ዘንድ ደረሱ። ግመሎቹን ያዩዋቸው አፍንጫቸው ሥር ሲደርሱ ነው። ሙሀሲን መሪውን ጠመዘዘ፤ ሚኒባሷ ከአስፋልት ወጥታ፣ ጠጠሩ ላይ ተንሸራታ፣ ከአፈር ክምር ጋር ተላትማ ቆመች። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልሞተም። የአንድ ሽማግሌ ክንድ ግን ተሰብሯል።

ሽማግሌውን ጤና ጣቢያ አድርሰው ወደ መናኸሪያው ነዱ። መናኸሪያው ሲደርሱ ግን ሩዋይዳ የያዘችውን መያዝ አቃታት። «ዕውር!» አለችው፤ ተሳፋሪው ወርዶ ሳያልቅ፣ ተራ አስከባሪው፣ ለውዝ ሻጯ፣ ባለባጃጁ ሁሉ ቆሞ እየሰማ። «ዕውር ከሚነዳኝ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል!»

ሙሀሲን መሪውን ለቀቀ። ዞሮ አያት።

«እንግዲያው በእግርሽ ሂጂ» አለ። «ፈትቼሻለሁ።»

ይህን ሁሉ ስታስታውስ ውላ፣ ከሰዓት በኋላ በአሱር ሶላት ሰዓት ጎረቤታቸው እትዬ ናፊሳ ገቡ። እትዬ ናፊሳ አንኳኩተው አይገቡም፤ ከበሩ ውጭ ጀምረው እያወሩ ነው የሚገቡት።

«ኧረ ይኼ ልጅ ምን ነካው? ከንጋት ጀምሮ ያንን መስታወት ይፈትጋል። ከልብስ ማጠቢያዬ እንኳ እንደዚያ ያለ ቢጫ ውሃ አይወጣም።» ቁጭ አሉና የተላጠውንና ያልተላጠውን ሽንኩርት ተመለከቱ። «አንቺስ ምን ሆነሽ ነው? ቤትሽ እንዲህ ተዝረክርኮ አይቼው አላውቅም።»

«እንዲያው ዛሬ እጄ ሥራ እንቢ አለኝ፣ እትዬ ናፊሳ።»

«ሙቀቱ ነው?»

«ሙቀቱስ የለመድነው ነው።» ሩዋይዳ ሽንኩርቱን ወደ ጥግ ገፋችው። ነገሩን ለሰው ሳትናገር መዋሏ አፍኗት ስለነበር ሳታስበው ከአፏ ወጣ። «ሳልህ እየመጣ ነው። ነገ ይዞኝ ይሄዳል።»

እትዬ ናፊሳ ወደሷ ተጠጉ። 

«ሊያልቅ ነው እንዴ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ነገ።»

«እሱ ያውቃል?»

«በምን ያውቃል?»

«ንገሪዋ!»

«ምን ብዬ? ቶሎ በል፣ ጊዜው አለቀብህ ልበለው? የተናገረው እሱ ነው። መመለስም ካለበት የሚናገረው እሱ ነው። እኔ አልለምንም፣ እትዬ ናፊሳ። ቢፈልግ ኖሮ ይኼን ሁሉ ጊዜ አፉን ማን ዘጋበት?»

ሴትዮዋ ተነሱ። ነጠላቸውን እያጣፉ «አንቺ አትለምኚ፤ አንቺን ማን ለምኚ አለሽ» ብለው ወጡ። ሩዋይዳ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መስሏት ነበር። በመስኮቱ ስታይ ግን በቀጥታ ወደ ማንጎው ዛፍ አቅንተዋል። ምን እንዳሉት አልሰማችም፤ የሰማችው የብርጭቆ ወረቀቱ ድምፅ ቀጥ ማለቱን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ያንን ድምፅ ስትረግም ውላ፣ አሁን ሲቆም ደግሞ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀችው።

መስኮቱን ለቀቀች። ወደ ጓዳ ገባች፤ ከጓዳ ወጣች። ለጉዞ ያዘጋጀችውን ሻንጣ ከፈተች፣ ዘጋች። ስልኳን አነሳች፤ ሳልህ «አታዬ ደርሻለሁ» ብሎ ጽፏል። ሙሀሲንስ ለምን አይመጣም? ለምን መጥቶ በሩን አያንኳኳም? ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ የማንጎው ጥላ የእትዬ ናፊሳን የብሎኬት ግንብ ሸፍኖታል። ሩዋይዳ እንደገና በመስኮቱ አየች። ሙሀሲን የሞተሩን መክደኛ ኮፈን ከፍቶ አዲሱን አምፖል በጨርቅ ይዞ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆመ እንጃ፣ ዝም ብሎ ያየዋል።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገናኙ።

«አንዴ ጋቢና ገብተሽ መብራቱን ታበሪልኝ?» አላት። ድምፁ ጎርነን ብሏል። «ብቻዬን ማስተካከል አልቻልኩም።»

ከተፋቱ ወዲህ አንድም ነገር አድርጊልኝ ብሏት አያውቅም። ጫማዋን ግራና ቀኙን አቀያይራ አድርጋ ወጣች።

ስትቀርብ መብራቶቹን አየቻቸው። አላወቀቻቸውም። ያ ቢጫ ቅርፊት የለም፤ ገና ከፋብሪካ የወጡ ይመስል ውስጣቸው ድረስ ይታያል። ሙሀሲን አምፖሉን ከነጨርቁ አቀበላት። «ሽቦውን እስክፈታ ያዢልኝ። መስታወቱን በእጅሽ እንዳትነኪው፤ ወዝ ከነካው ሲበራ ይቃጠላል።» ጨርቁን ስትቀበለው ጣቶቻቸው እንዳይነካኩ ሁለቱም ተጠነቀቁ። የእሱ ጣቶች ጫፋቸው በውሃና በወረቀቱ ተልጦ ቀልቶ ነበር። የጠቆረውን አሮጌ አምፖል አወጣ፣ አዲሱን ከእጇ ወሰደ፣ ገጠመ።

ገብታ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኋላዋን ዞር ብላ አየች። ብርድ ልብሱ ታጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ የጥርስ ብሩሹ ቆሟል፤ መስኮቱ ላይ የሐጂራ ፎቶ ተሰክቷል። ቤት ሆኖ አገኘችው፤ የሚያሳዝን ትንሽ ቤት። ቶሎ ፊቷን መለሰች።

«አብሪው!»

አበራችው። ግንቡ ላይ ሁለት ነጭ ብርሃን ወደቀ። የግራው በልኩ አርፏል፤ የቀኙ ግን ወደ ላይ ተሰቅሎ በእትዬ ናፊሳ መስኮት ገባ።

«ኧረ ዓይኔን!» የሚል ጩኸት ከግንቡ ወዲያ ተሰማ።

ሩዋይዳ ሳቋ አመለጣት፤ በመዳፏ ያዘችው። ሙሀሲን ግን አልሳቀም። ካቻቢቴውን ይዞ በኮፈኑ ሥር አጎነበሰ። ኮፈኑ ተከፍቶ እንደ ግድግዳ መሀላቸው ስለቆመ ፊቱ አይታያትም፤ ድምፁ ብቻ ይመጣል።

«ወረደ?»

«ትንሽ ይቀረዋል።»

«አሁንስ?»

«ትንሽ።»

ካቻቢቴው አንዴ ዞረ።

«እትዬ ናፊሳ ሳልህ ይመጣል አሉኝ» አለ ድምፁ።

«አዎ፣ ይመጣል።»

«እና መቼ...» አልጨረሰውም።

«ነገ» አለች።

ካቻቢቴው ከእጁ አምልጦ ሞተሩ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ወረደ። ፈልጎ አነሳው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ስጠይቅሽ ‹አልቋል› እንዳትዪኝ። ካልጠየቅሁ የማያልቅ መሰለኝ። ጠዋት ስነሳ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ በሩ ድረስ እመጣና ዘይቱን አስቀምጬ እመለሳለሁ። ዛሬ ደግሞ በምን አፌ እገባለሁ፣ ይኼን መብራት ሳልሠራ በምን ፊቴ አያታለሁ ብዬ...» ትንፋሹ ሲሳብ ተሰማት። «እንግዲህ ሩዋይዳ፣ መል...»

ሩዋይዳ በሙሉ መዳፏ ጡሩንባውን ተጫነችው።

ማንጎው ላይ የሰፈሩት ወፎች ግር ብለው ተነሱ። ሙሀሲን ደንግጦ ሲነሳ ጭንቅላቱን ኮፈኑ መታው። በጎን በኩል ብቅ ሲል አናቱን በእጁ ይዟል።

«ምን ሆነሻል?»

«እዚህ አትበለው!» በመስኮቱ ወጥታ ልትይዘው ምንም አልቀራት። «ስትፈታኝ መናኸሪያ ሙሉ ሰው ሰምቷል። እስካሁን ገበያ ስወጣ አንገታቸውን ደፍተውልኝ ያልፋሉ፤ የሞተብኝ ሰው ያለ ይመስል። ያን ሁሉ ሰው አሰምተህ ፈትተኸኝ፣ አሁን ማንጎ ሥር ተደብቀህ ልትመልሰኝ? አልመለስም!»

ሙሀሲን እጁን ከአናቱ አወረደ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣

«አንቺም እዚያው ፊታቸው ዕውር ብለሽኛል» አለ። «እስካሁን ተሳፋሪ ሲገባ ‹ሾፌር፣ ዓይንህ ደህና ነው?› ይለኛል። ሌላው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።»

ይህን አታውቅም ነበር።  እጇ ጡሩንባው ላይ እንደነበረ ቀርቷል፤ አነሳችው።

«መብራቱ አልተስተካከለም» አለች በመጨረሻ።

«ያደርሰናል። ለመናኸሪያ ይበቃል» አለና ኮፈኑን ዘጋ።

ወደ ጎን ተጠጋችለት።

ዋናው መንገድ ላይ ሲወጡ የሽንኩርት ጆንያ የሚጭን አይሱዙ መንገዱን ግማሽ ዘግቶ፣ ከኋላው ባጃጅ በባጃጅ ተደራርቧል። ሙሀሲን ማርሽ ያስገባል፣ ያወጣል። ሩዋይዳ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ሰዉ ይበተን ይሆናል። የመጨረሻው መኪና ወጥቶ መናኸሪያው ባዶ ሆኖ ይጠብቃቸው ይሆናል። ወይ ደግሞ እሱ እዚያ ሲደርስ ምላሱ ይያዝና ዘይቱን አስቀምጦ እንደሚመለሰው ይመለስ ይሆናል። እጇን ወደ መንገዱ ዳር ዘረጋች።

«በዚህ ግባ!»

«በዚህ አይገባም፣ ቦይ ነው።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«እንጠብቃ!»

አይሱዙው በስንት መከራ ፈቀቅ አለ።

ተራ አስከባሪው በድሩ ወደ አታዬ የሚሄደውን የመጨረሻ ሚኒባስ እየሞላ ነበር። ሙሀሲንን ሲያይ «ዛሬ ተራ የለህም እኮ» አለው። ከዚያ ጋቢና ያለችውን ሴት አየና ዓይኑን ሰበረ።

ሙሀሲን ወርዶ ፊቱ ቆመ። ሩዋይዳም ወረደች።  ሙሀሲን በቀኝ እጁ የግራ እጁን ጣት ይጠመዝዛል። ሩዋይዳ ወይ ልትጮህ ወይ ልትሮጥ ነው፣ ራሷም አላወቀችውም።

«ምነው፣ ደህና አይደለህም?» አለ በድሩ።

«በድሩ፣ ያን ቀን እዚህ የተናገርኩትን ሰምተሃል?»

«ያልሰማ ማን አለ።»

«እንግዲህ ይኼንንም ስማ። አንድ ሌላ ሰውም ጥራ።»

ሌላ ሰው መጥራት አላስፈለገም። ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቷል፤ ባለባጃጆቹ ሞተራቸውን አጥፍተዋል።

«ሚስቴን ሩዋይዳን መልሻታለሁ» አለ ሙሀሲን።

«ምን አለ?» አለች ለውዝ ሻጯ ከወዲያ ማዶ።

«መልሻታለሁ!» አለ ጮክ ብሎ። «ሚስቴን መልሻታለሁ! አላህም እናንተም ስሙ!»

አንዷ እልልታዋን ጀመረች። ሩዋይዳ እጇን አነሳች፤ እልልታው መሀል ላይ ቆመ።

«እኔም የምለው አለኝ» አለች።  «እዚህ ቆሜ ዕውር ያልኩት በንዴት ነው። ዓይኑ ደህና ነው። ከእንግዲህ በሱ የሚስቅ ሰው በኔ እንደሳቀ ይቁጠረው።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «መብራቱን ግን ቀድሞ ማሠራት ነበረበት።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ በድሩ ሙሀሲንን ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ያቺ ሴት እልልታዋን ካቆመችበት ቀጠለች።

ሳልህ ከአታዬ ከመጣው መኪና የወረደው በዚህ መሀል ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማይዋጥለት ሰው ነው። እህቱን በሰው ተከባ አያት፤ ከጎኗ የቆመውን ሰውም አየ።

«ምንድን ነው ነገሩ?»

ነገሩት። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ነገረው። ሳልህ ቦርሳውን መሬት ላይ ጣለ።

«ትናንት እያለቀስሽ ናና ውሰደኝ ትያለሽ። የማሽላ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ። ዛሬ እልልታ ነው!»

«ሳልህ፣ አፉ በለኝ...»

«አንቺን አይደለም።» ወደ ሙሀሲን ተጠጋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የሰሙት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። «ሦስት ፍቺ ነው የተሰጠህ። አንዱን በልተኸዋል። መመለስህ እሱን አያስመልስልህም፤ የቀረህ ሁለት ነው። አፍህን እያየህ ክፈት።»

«አውቃለሁ» አለ ሙሀሲን።

«እወቅ።»

ሩዋይዳም ታውቅ ነበር። ግን ሰው ሲለው እስክትሰማ ድረስ በደስታው ውስጥ ረስታው ነበር። ያ ቃል ተመልሶ አልገባም፤ ቤታቸው ውስጥ ከነሱ ጋር ይኖራል ማለት ነው።

ወንድሟን በባዶ መመለስ አሳፈራት። «ማጀቴ እንሂድ» አለች። «ሐጂራን እናምጣት፤ አንተንም ቤትህ እናድርስህ።» ሳልህ «ይኼ መብራት ይሠራል?» አለ። አበሩለት፤ ቀኙን በካቻቢቴ ራሱ አወረደው። መግሪብ አዛን ሲል ሁለቱ ወንዶች መስጊድ ገቡ፤ ሩዋይዳ ገና ስላልታጠበች ስግደት የላትምና ሚኒባሷ ውስጥ ሆና ጠበቀቻቸው። ለእትዬ ናፊሳ ደወለችላቸው። ለረጅም ጊዜ የተሰማት ለቅሷቸው ብቻ ነበር፤ ከዚያ «በሩን ዘግተሻል?» አሉ። አልዘጋችም። «ይሁን፣ እኔ እዘጋዋለሁ፤ ሽንኩርቱንም እልጠዋለሁ» አሉ።

ከከተማ ሲወጡ ጨልሟል። ሳልህ ከኋላ ብርድ ልብሱ ላይ ጋደም ብሎ ወዲያው አንኮራፋ። ሙሀሲን ረጅሙን መብራት አበራ። መንገዱ እስከ ሩቅ ድረስ ነጭ ሆኖ ተዘረጋ፤ የዳር ድንጋዩ፣ የቁጥቋጦው ቅጠል፣ በአስፋልቱ ዳር በጎቹን እየነዳ ወደ ቤቱ የሚገባ ገበሬ፣ ሁሉም ከሩቅ ይለያል። መኪና ከፊት ሲመጣ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሲያልፍ ከፍ ያደርገዋል።  ሩዋይዳ ደስ ብሏታል፤ መደሰቷን ታውቃለች፤ ዓይኗን ግን ከመንገዱ ላይ መንቀል አልቻለችም።

ሙሀሲን ወደ ታች፣ ወደ እግሯ አየ።

«ፍሬኑ እኔ ጋ ነው» አላት።

ቀኝ እግሯ የመኪናውን ወለል ገፍቶ ይዞት ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላወቀችም፤ ባቷ ዝሏል።

«አውቃለሁ» አለች። «እግሬ አልሰማ ብሎኝ ነው።»

እግሯን አንስታ ወንበሩ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠችበት። ሰንበቴ ሳይደርሱ እግሯ መልሶ ወርዶ ወለሉን ገፋ።